ምንጩ ለምን ነጠፈ?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ስንሰማው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለን ነበር። ለማስተማር ወደዚህ ቀበሌ መጥተን፣ በመጋቢት ወር፣ ጎሕ ሳይቀድ ከምንጩ ዳር የተሰለፉትን እናቶችና ልጃገረዶች ባየን ጊዜ ነው ተረቱ የኛው መሆኑን የተረዳነው።

ሰልፉ ረጅም ነው። እንስራውና ጀሪካኑ በየተራው ተደርድሯል። ምንጩ የሚያወርደው ውሃ ግን ከብዕር ቀፎ አይወፍርም። ሰዓት ይዘን ቆጠርን። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 11 ደቂቃ ፈጀ። ታዲያ ሠላሳኛ ሆና የተሰለፈች ሴት መቼ ነው ቀድታ የምትጨርሰው? 30 ጊዜ 11 ሲባዛ 330 ደቂቃ ይሆናል። ይህም 5 ሰዓት ተኩል ነው።

ማታ ወደ ትምህርቱ የሚመጡት እናቶች ለምን እንደሚያንቀላፉ የገባን ያን ቀን ነው። እኛ ትምህርቱ የሰለቻቸው መስሎን ነበር። ለካስ ሌሊቱን ምንጭ ዳር ነው ያነጉት።

በማግሥቱ የሒሳብ ትምህርታችን ስለዚሁ ሆነ። ውሃው ደህና በሚወርድባቸው ወራት እንኳ አንዲት ሴት ለመውረድ፣ ለመቅዳትና ተሸክማ ለመውጣት በቀን 3 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። 3 በ365 ቀን ሲባዛ 1095 ሰዓት ነው። አንድ ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ስለሆነ፣ 1095 ለ24 ሲካፈል 45 ቀን ከምናምን ይመጣል። እንግዲህ አንዲት እናት በዓመት ውስጥ 45 ቀንና 45 ሌሊት ሳትተኛ፣ ሳትበላ፣ ሳታርፍ ውሃ ስትቀዳ እንደማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በጀርባዋ ላይ 20 ኪሎ ነው።

ሒሳቡ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም አንዲት እናት፣ «ታዲያ ምንጩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለምን ነጠፈ?» አሉን። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

1. ውሃ ከወዴት ይመጣል?

«ውሃ ሕይወት ነው» ሲባል አባባል ብቻ አይደለም። ካዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ደማችን፣ ላባችን፣ እንባችን ሁሉ ውሃ ነው። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ያለ ውሃ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። እህሉም፣ ከብቱም፣ ዛፉም እንደዚሁ ነው።

ዓለም ላይ ያለው ውሃ ብዙ ነው። ሆኖም ለመጠጥ የሚሆነው ጥቂት ነው። የዓለም ውሃ በሙሉ በ100 እንስራ ተቀዳ እንበል። ከዚህ ውስጥ 97 እንስራ ያህሉ ጨው ያለበት የባሕር ውሃ ነው። አይጠጣም፣ እህል አያበቅልም። ከቀሩት 3 እንስራዎች 2ቱ ያህሉ በዓለም ዳርና በታላላቅ ተራሮች ላይ በረዶ ሆኖ የተጋገረ ነው። የመጨረሻው እንስራም ቢሆን ከሞላ ጎደል ከመሬት ሆድ ውስጥ የተደበቀ ነው። በዓለም ላይ በሚታዩት ጨው አልባ ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ ያለው ውሃ፣ ከነዚህ 100 እንስራዎች አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው። የሰው ልጅ የሚጣላውም፣ የሚታረቀውም፣ የሚያቆሽሸውም በዚያች ብርጭቆ ነው።

ውሃ አዲስ አይፈጠርም። ይዘዋወራል እንጂ። ይህን ለማወቅ ከማድ ቤት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ድስት ተጥዶ ሲፈላ ክዳኑን አንስታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ጠብታ ታያላችሁ። ውሃው በሙቀት እንፋሎት ሆነ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ እንደገና ውሃ ሆነና ጠብ አለ።

ሰማይና ምድርም እንዲሁ ናቸው። ፀሐይ ባሕሩን፣ ሐይቁን፣ እርጥቡን መሬትና የዛፉን ቅጠል ታሞቃለች። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። ደመናው ሲከብድ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ከወረደው ዝናብ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከፊሉ እንደገና በኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ከፊሉ ደግሞ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። የኛ ጉዳይ ያለው ከዚህ ከመጨረሻው ላይ ነው። ምንጭ ማለት ሌላ ሳይሆን በክረምት ወደ መሬት ሰርጎ፣ በበጋ ከቁልቁለቱ ሥር ብቅ የሚል ዝናብ ነው። በሌላ አነጋገር ምንጭ የክረምት ቁጠባ ነው። ያልቆጠበ በበጋ ከየት ያመጣል?

2. የሁለቱ ትሪዎች ነገር

ይህን በቃል ብቻ ብንናገር ማንም እንደማያምነን አወቅን። ስለዚህ ሁለት አሮጌ ትሪ ፈለግን። በአንዱ ላይ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ ቆርጠን አስቀመጥን። በሁለተኛው ላይ ከተራቆተው ዳገት ያመጣነውን ባዶ አፈር ጠቀጠቅን። ሁለቱንም በድንጋይ ላይ አዘንብለን ከሥራቸው ጣሳ አኖርን። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስን።

ከባዶው አፈር ውሃው ወዲያው ወረደ። ጣሳው ሞላ። ቀለሙም እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ነበር። ከሣሩ ግን ውሃው ዘግይቶ መጣ። ያነሰና የጠራ ነበር። ሌላው ትሪ ከደረቀ በኋላ ይኸኛው ገና ጠብ ጠብ ይል ነበር።

አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ሣር ያለበት ትሪ የአባቴ ተራራ ነው። ያኛው ደግሞ የኔ ተራራ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘንም።

ሽማግሌው እንደነገሩን፣ ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት በልጅነታቸው ዘመን ጥድ፣ ወይራና ቁጥቋጦ የለበሰ ነበር። ቀስ በቀስ ዛፉ ለማገዶና ለቤት ተቆረጠ። ቁልቁለቱ ታረሰ። የቀረውን ፍየልና ከብት ጋጠው። ማንም በክፋት አላደረገውም። ቤተሰብ በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ማገዶ ጠፋ። ነገር ግን ተራራው ምክንያት አይሰማም።

ዛፍና ሣር ያለበት መሬት ውሃን የሚይዘው እንዴት ነው? አንደኛ፣ የዝናቡ ጠብታ በቀጥታ መሬቱን አይመታውም። ቅጠል ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የረገፈውና የበሰበሰው ቅጠል እንደ ጥጥ ውሃውን ይጠጣል። ሦስተኛ፣ ሥሩና ትላትሉ በአፈሩ ውስጥ ቀዳዳ ስለሚያበጁ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። በተራቆተ መሬት ላይ ግን ጠብታው አፈሩን እንደ ወለል ይጠቀጥቀዋል። ውሃው መግቢያ ስለሚያጣ ይሮጣል፤ ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጥማት ይሆናል። ሁለቱ መከራዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ባሕር ዛፍስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፣ ማገዶ ሆኖልናል፣ ተሸጦም ገንዘብ አምጥቶልናል። ነገር ግን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከቤት ጓሮና ከመንገድ ዳር ይተከል እንጂ ከምንጭ ራስጌና ከምንጭ ዳር አይተከል። ለምንጭ ዳር አገር በቀሎቹ እነ ሾላ፣ ዋንዛና ወይራ ይሻላሉ።

3. የሐረማያ ሐይቅ ምን ነገረን?

«ምንጭ ትንሽ ነገር ነው፤ ሐይቅ ግን አይደርቅም» የሚል ሰው ካለ ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ይመልከት። የሐረማያ ሐይቅ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ወፎች የሚሰፍሩበት፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት ሐይቅ ነበር። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውሃዋን ከዚህ ሐይቅ ታገኝ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በሞተር እየሳቡ ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት ያጠጡበት ነበር። ሁሉም ቀዳ። «ሐይቁ ስንት ይተካል? እኛስ ስንት እንቀዳለን?» ብሎ የቆጠረ ግን አልነበረም። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ስለተራቆቱም ጎርፍ ያመጣው ደለል ሐይቁን ሞላው።

በመጨረሻ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ቦታ የከብት መዋያ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን በሩቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ማድረግ ግድ ሆነባት። አጠገቧ የነበረውን ውሃ ያጣች ከተማ ሩቅ ያለውን በብዙ ወጪ ቀዳች ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተስፋ ያስቆርጥ ነበር። ሆኖም ከዓመታት በኋላ በተራሮቹ ላይ እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተከል፣ ዝናቡም ሲያግዝ፣ ሐይቁ እንደገና ውሃ ማቆር ጀመረ። እንደ ድሮው ሙሉ ነው ባይባልም፣ የሞተ ውሃ ሊነሣ እንደሚችል አይተናል። ትምህርቱም ይህ ነው። ውሃ የሚጠፋው በሰው ሥራ ነው፤ የሚመለሰውም በሰው ሥራ ነው።

4. ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር አለብን።

ስንመጣ ምንጩን አየንና «ኩልል ያለ ነው፤ የጎደለው መጠኑ ብቻ ነው» አልን። ዶማና አካፋ ይዘን ወርደን የምንጩን ዓይን አሰፋነው። ውሃው በመጠኑ ጨመረ፤ ተመሰገንን፤ ደስ አለን። አጥር ግን አላጠርንም። ከበላዩም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አልቀደድንም። በሚያዝያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የከብቱን እበትና ከቁጥቋጦው ሥር የነበረውን ዓይነ ምድር ጠራርጎ ባሰፋነው ዓይን ውስጥ ከተተው። በሳምንቱ ሕፃናት በተቅማጥ ተያዙ። አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ዓይኗ ሰርጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቷት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ልጅቷ ተርፋለች። እኛ ግን በዚያ መንገድ ላይ የተሰማንን አንረሳውም።

የልጅቷ አያት አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ፊደሉን እናንተ ታውቁታላችሁ። ምንጩን ግን ብትጠይቁን ጥሩ ነበር። የፊት ሰዎች በእሾህ ያጥሩት ነበር እኮ» ብቻ አሉን። ያ ቃል ከቁጣ ይልቅ ቆረጠን።

እንግዲህ እወቁት። በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። ኩልል ባለ ውሃ ውስጥም ይኖራሉ። ውሃን የሚያጠራው ነገር ሁሉ ከበሽታ ያነጻዋል ማለት አይደለም። ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ በደፈረሰ ውሃ ላይ ሲጨመር ደለሉን እንደሚያዘቅጠው ይታወቃል። ሆኖም ከዚያ በኋላም ውሃውን ማፍላት ያስፈልጋል።

ውሃን ለመጠጥ ንጹሕ ለማድረግ እነዚህ መንገዶች አሉ፦

ሀ) ማፍላት። ውሃው ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ በኋላ በቆላ 1 ደቂቃ፣ በደጋ 3 ደቂቃ ይቆይ። ደጋ ለምን ይረዝማል? ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

ለ) ፀሐይ ማሞቅ። ማገዶ ለሌለው ይህ ይጠቅማል። የጠራ ውሃ፣ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት ማስተኛት ነው። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ቀን ይቆይ። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ ማጥለልና ማዝቀጥ ያስፈልጋል።

ሐ) ክሎሪን። መጠኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቃችሁ እንዳለችው ብቻ ጨምሩ።

መ) የተጣራውን ውሃ ማቆያ። አፉ ጠባብ በሆነና በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። እጅ ወይም የቆሸሸ ጣሳ አይግባበት። ጣሳው እጄታ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ልጅ በተቅማጥ ሲያዝ የሚገድለው ውሃ ማጣት ነው። ስለዚህ «ተቅማጥ ይብስበታል» ብለን ውሃ አንከልክለው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ቅመም ካለ በመመሪያው መሠረት ይሰጥ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። ጨው ከዚህ አይብዛ። የጡት ልጅ ጡቱን አይከልከል። ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በውሃ የሚመጣ ሌላው በሽታ ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በመጠጥ ሳይሆን ቀንድ አውጣ ባለበት ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ በመታጠብና በመራመድ፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ያገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ለዘመናት በእጃቸው ይዘውት የነበረ ነገር ነው እንግዲህ ዓለምን ያስደነቀው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ግን ማንም እንደፈለገ ወደ ወንዝ መጨመር የለበትም።

5. ካገራችን ሕዝብ ምን እንማራለን?

ውሃን መጠበቅ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ደረቅና ድንጋያማ ተራራውን ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን ሲሠራ ኖሯል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ውሃውን ቆም ብለህ ግባ ይለዋል። ይህ ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የቦረና ሕዝብ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ አለው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል ተደርድረው ውሃውን በዜማ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ከውሃው ይልቅ የሚያስደንቀው ሥርዓቱ ነው። የውሃ ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሹም አለ። ከብት ሁሉ በተራው ይጠጣል። ጉልበተኛ ስለሆነ የሚቀድም የለም።

በትግራይ፣ በውቅሮ አጠገብ፣ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። መሬቱ ተራቁቶ፣ ሕዝቡ በድርቅ ተጎድቶ ነበር። ሕዝቡ ተነሥቶ ዳገቱን ከለለ፣ እርከንና ክትር ሠራ፣ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ቆፈረ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ። ገበሬዎች ባልተጠበቀ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው ፍራፍሬና አትክልት አለሙ። በ2004 ዓ.ም. መንደሩ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ዘንድ የኢኳተር ሽልማትን አገኘ።

6. እኛስ ምን እናድርግ?

ከስሕተታችን በኋላ ሽማግሌዎቹን፣ እናቶቹንና የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠየቅን። የተስማማንበትና የሠራነው ይህ ነው።

የምንጩ ዙሪያ በእሾህና በድንጋይ ታጠረ። ከምንጩ በላይ፣ 10 እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ተቀደደ። የምንጩ ዓይን በድንጋይና በጠጠር ተሸፍኖ ውሃው በቧንቧ እንዲወጣ ተደረገ። ከብቶች የሚጠጡበት ገንዳ ከታች፣ ካጥሩ ውጪ ተሠራ። ልብስ የሚታጠበውም ከገንዳው በታች ሆነ። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ከምንጩ በታች እንጂ በላይ እንዳይቆፈር ተወሰነ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ዳገቱ ነው።

ዳገቱ ካልተከለለ ሣሩ አይመለስም፤ ሣሩ ካልተመለሰ ምንጩ አይመለስም። ስብሰባው ላይ ብዙው ሰው «ይከለል» አለ። አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ግን ተነሡና፣ «የኔ ሀብት 4 ፍየል ናት። የምትውለውም እዚያው ዳገት ላይ ነው። ምንጩ እስኪመለስ ፍየሎቼ ምን ይብሉ? ውሃውን ሁላችሁ ትጠጣላችሁ፤ ዕዳውን እኔ ልክፈል?» አሉ። መልስ የሰጠ አልነበረም። እኛም መልስ አልነበረንም፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው።

ስብሰባው ሁለት ጊዜ ያለ ስምምነት ተበተነ። በሦስተኛው ጊዜ የተገኘው መላ ይህ ነበር። ዳገቱ ይከለል፤ ከብትና ፍየል አይግባበት። ሣሩ ሲደርስ ግን እየታጨደ ይከፋፈል። ሲከፋፈል ግጦሽ ሌላ የሌላቸው ይቅደሙ። እስከዚያው ድረስ በሬና ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች ከገለባቸው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጡ። እናትየዋ፣ «በቃል አይሆንም፤ ተጽፎ ይቀመጥ» አሉ። ተጻፈ። ከፈረሙት ሰዎች መካከል 9ኙ ከ3 ወር በፊት ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። እናትየዋም በጣታቸው አሻራ ሳይሆን በስማቸው ነው የፈረሙት።

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሸክሙ ካልተካፈለ ግን ተረቱ ተረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በየቤታችንም የምናደርገው አለ። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው የክረምቱን ውሃ ባይለቅ መልካም ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 5 ሜትር በ6 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚጥልበት ቦታ 30 በ800 ሲባዛ 24,000 ሊትር ይመጣል። ይህ 1200 ጀሪካን ነው። ከፊሉ ቢባክን እንኳ ስንት ጊዜ ወደ ምንጭ መውረድን ያስቀራል! አሸንዳ ማበጀት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን አቧራ ያለበትን ውሃ መድፋት፣ ማጠራቀሚያውን መክደን ያስፈልጋል። ያልተከደነ ውሃ የወባ ትንኝ ይራባበታልና። እጅ የታጠብንበትንና አትክልት ያጠብንበትን ውሃ ጓሮ ላለው ጎመን ማጠጣት ይቻላል።

7. የምንጩ ደብተር

ምንጩ ዛሬውኑ አይሞላም። ዳገቱን ለማራቆት የሰው ዕድሜ ፈጅቷል፤ ለማልበስም ዓመታት ይፈጃል። ታዲያ ሥራችን ፍሬ ማፍራቱን እንዴት እናውቃለን? በመቁጠርና በመጻፍ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛን። በየወሩ መጀመሪያ ቀን አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይጻፍበታል። ጸሐፊዎቹ ተራ ገብተዋል። ሁሉም በማታው ትምህርት ፊደል የለዩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው መስመር «መጋቢት፣ 11 ደቂቃ» ይላል። ቀጥሎ የተጻፈው በሌላ እጅ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅና ትንሽ የተጣመመ ቢሆንም በደንብ ይነበባል። እኛ ጊዜያችን ሲያልቅ እንሄዳለን። ደብተሩ ግን ከምንጩ ጠባቂ ቤት ይቀራል። የሚመጣው ዓመት መጋቢት ሲደርስ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይተያያል። ቁጥሩ ካነሰ ተራራው እየተመለሰ ነው። ካላነሰ ወይም ከባሰ፣ አንድ ያልተሠራ ነገር አለ ማለት ስለሆነ እንደገና ተሰብስቦ መነጋገር ነው።

ጎረቤት ቀበሌ ያላችሁ አንባቢዎችም ምንጭ አላችሁ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ውረዱ። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ጠይቁ።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. በቀበሌያችሁ ያለው ምንጭ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በበጋና በክረምት ለክታችሁ ጻፉ።
2. ከምንጫችሁ በላይ ያለው መሬት የሚመስለው የትኛውን ትሪ ነው?
3. በቤታችሁ ውሃ የምትቀዳው ማን ናት? በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት አስሉ። ሥራውን ማን ሊያግዛት ይችላል?
4. ዳገት ሲከለል በናንተ ቀበሌ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱን እንዴት ትካፈላላችሁ?